ከፕላኑ በፊት 9 ሰዓት ላይ ቦታው ላይ ቁሙ

ይድረስ ቤት ለመሥራት ላሰባችሁ ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት አዳማ ውስጥ በፎርማንነት ሠርቻለሁ። (እኛ ሽማግሌዎቹ አሁንም ናዝሬት ማለት ያመልጠናል፤ ታገሡን።) ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ፕላን ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ" አለኝ። ፕላኑ ያምራል። ቦታህ ላይ ፀሐይ በየት በኩል ትጠልቃለች ብዬ ስጠይቀው ግን ስልኩን አወጣ። ይህን ያጻፈኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ ሄዳችሁ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቦታው ላይ ቁሙ። የአዳማ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአናት በላይ ናት፤ ረዘም ያለ ክፈክፍ ይመልሳታል። ከሰዓት በኋላ ግን ዝቅ ብላ ከምዕራብ በመስኮት ትገባለች። ያኔ ክፈክፍ አያስቆማትም። ስለዚህ ረጃጅሞቹ ግድግዳዎች ሰሜንና ደቡብ ይዩ፣ አጫጭሮቹ ምሥራቅና ምዕራብ። ይሄ አንድ ብር አያስወጣም።

አንድ ባለቤት መንገዱ በምዕራብ ስለሆነ ፊቱ ሙሉ መስታወት ይሁንልኝ አለ። መከርኩት፣ አልሰማኝም። እኔም ለእንጀራዬ ብዬ ሠራሁለት። ከዓመት በኋላ ቡና ጠራኝ። መስታወቱ በወፍራም መጋረጃ ተሸፍኗል። በጠራራ ፀሐይ አምፖል በርቷል፣ ሁለት ቬንትሌተር ይዞራል። ከከተማው ዳር የነፋስ ማመንጫዎቹን ታያላችሁ፤ አዳማ አንድና ሁለት ተደምረው 204 ሜጋ ዋት ናቸው። ያ ሁሉ ነፋስ በደጃችን እያለፈ እኛ መስኮት ዘግተን ቬንትሌተር እንሰካለን! ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች ይበቁ ነበር። አቧራውስ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። አቧራን የሚይዘው ዛፍ ነው።

ስለ ዛፍ ሳወራ ግን አፍራለሁ። የግቢዬን ግራር የቆረጥኩት እኔው ነኝ፣ ለመኪና ማቆሚያ ብዬ። መኪና ኖሮኝ አይደለም፤ ሊኖረኝ ነበር። ከዚያ ግቢውን በሙሉ ሊሾ አደረግኩት። አዳማ በኮረብታ የተከበበች ናት፤ ክረምት ሲገባ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ራሱ በቂ ነው። የኔ ግቢ ደግሞ አንድ ጠብታ አይመጥም። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ውሃው በአጥር ሥር ሾልኮ የጎረቤቴን ማድቤት ሞላው። ጠዋት እትዬ የራሰ የጤፍ ጆንያ አሸክመው መጡ። አልተቆጡም። ጤፉን ሊሾዬ ላይ አስዘረገፉና "እዚህ ይድረቅልኝ፤ ያንተ ግቢ እንደሆነ ውሃ አይዝም" አሉኝ።

በማግስቱ ዲጅኖ አነሳሁ። የሊሾውን ግማሽ አፍርሼ ሣር ተከልኩ። ጥጉ ላይ ጉድጓድ ቆፍሬ ድንጋይ ሞላሁበት፣ ውሃው እዚያው እንዲሰርግ። ለቆርቆሮው አሸንዳ ገጥሜ ወደ ሮቶ አወረድኩት። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ ወደ 1,000 ሊትር ይጠጋል። ቧንቧ በጠፋ ቀን ልብስ የሚታጠበው በዚያ ውሃ ነው። የመጀመሪያውን ዝናብ ግን አትያዙት፤ የቆርቆሮውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ይሂድ።

ስለ ሲሚንቶ ባጭሩ። የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ ነው፤ ከዓለም የካርቦን ልቀት ወደ 8 በመቶ የሚሆነው ከሱ ይመጣል። እናንተን የሚያሳምናችሁ ዋጋው ይመስለኛል። ከምሳ በፊት ብዙ ተቦክቶ ከምሳ በኋላ ደርቆ ሲጣል ስንቴ አየሁ! አርማታውንም ቢያንስ 7 ቀን ውሃ አጠጡት። በዚህ ፀሐይ ካልጠጣ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ ደግሞ ሌላ ሲሚንቶ ነው።

ግራሩን መልሼ ተክያለሁ። ገና የቆርቆሮውን ጫፍ አልደረሰም። እስከዚያው 9 ሰዓት ሲሆን ወንበሬን ይዤ እትዬ ግቢ እሄዳለሁ። የእሳቸው ማንጎ ጥሩ ጥላ አለው።