ስለ አሮጌ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና ፊልትሮ፣ ለኮሮላዋ እህት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የ2003 ስሪት አውቶማቲክ ኮሮላ ገዝተሻል፤ 210 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች፤ የካምቢዮ ዘይቷ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም። ጠዋት ዲ ላይ ስታስገቢያት ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይታ ነው የምትይዘው። አንዱ መካኒክ «ዘይቱም ፊልትሮውም ዛሬውኑ ይቀየር» አለሽ፤ ሌላው «ያረጀ ካምቢዮ ከተነካ ይሞታል፣ ተይው» አለሽ። ማንን ልስማ ነው ያልሽው።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን ያንቺን ዓይነት ኮሮላ፣ የ2002 ስሪት፣ ዘጠኝ ዓመት ነድቻለሁ። የካምቢዮ ዘይቱን በገዛ እጄ አምስት ጊዜ ቀይሬያለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ ጋራዥ አስቀይሬ ካምቢዮውን ላጣው ነበር። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

የእኔ መልስ ይቀየር ነው፤ ግን በዝግታ፣ በትክክለኛው ዘይት፣ ከመቀየርሽም በፊት ዘይቱን አይተሽ። ብዙ ሰው ይህንን የመጨረሻውን ይዘለዋል፤ ገንዘብም የሚባክነው እዚያ ላይ ነው።

መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሚያት። ግማሽ ሰዓት ያህል ተነድታ የሞቀች ትሁን። ሞተሩ እየሠራ፣ ፍሬን ይዘሽ፣ ማርሹን ከፒ ጀምረሽ እስከ ኤል ድረስ እያንዳንዱ ላይ ትንሽ እያቆየሽ አሳልፊውና ወደ ፒ መልሺው። ከዚያ ሞተሩን ሳታጠፊ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ አውጪ፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጥረጊ፣ መልሰሽ እስከ መጨረሻው አስገቢና እንደገና አውጪ። የሞተር ዘይት የሚለካው ሞተር ጠፍቶ ነው፤ የዚህኛው ግን ሞተር እየሠራ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አጥፍቶ ይለካና ሞልቷል ብሎ ይተወዋል። መለኪያው ላይ ለቀዝቃዛና ለሙቅ የተለያየ ምልክት አለ፤ የምታምኚው የሙቁን ነው። ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ እዚያ መካከል መሆን አለበት።

ይህን ያስቀደምኩት ጠዋት ዘግይቶ መያዝ ዘይት ሲጎድል ከሚታዩ ምልክቶች አንዱ ስለሆነ ነው። ከአክስል ላስቲክ ወይም ከኮፓው (ከካምቢዮው ሥር ካለው የዘይት ሳህን) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) በቀን ጠብ ጠብ ሲል ከርሞ አንድ ሊትር ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ መጀመሪያ የሚፈስበት ይፈለግ። እግረ መንገድሽንም የሞተሩን ጎማዎች፣ ማለትም ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ላስቲኮች፣ አሳዪ። እነሱ ሲበጣጠሱ ዲ ወይም አር ላይ ስታስገቢ ጓ ብሎ ይመታል፤ ሰው ሁሉ ካምቢዮው ነው ይላል፤ ካምቢዮው ግን ምንም አልሆነም።

ነጩ ጨርቅ ላይ ያረፈው ዘይት ደግሞ ሌላ ነገር ይነግርሻል። አዲስ ሲሆን ቀይ ነው። ወደ ቡናማ ካደላና ሽታው ደህና ከሆነ አርጅቷል ማለት ነው፤ መቀየር የሚጠቅመው ይሄ ነው። ጠቁሮ ያረረ ነገር የሚሸት ከሆነ ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች፣ ማለትም ማርሹን ይዘው ጉልበት የሚያስተላልፉት ስስ ሳህኖች፣ ተቃጥለዋል። እንደ ወተት ደፍርሶ ሮዝ ከመሰለ ደግሞ መኪናዋን አታንቀሳቅሺያት፤ የካምቢዮው ዘይት በራዲያተሩ ውስጥ አልፎ ነው የሚቀዘቅዘው፣ ራዲያተሩ ከውስጥ ተበስቶ ውሃ ገብቶበታል።

አሁን «ከተነካ ይሞታል» ወደሚለው ልምጣ። ይህ አባባል ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ሰው ዘይት የሚያስቀይረው ብዙ ጊዜ ካምቢዮው መሳት ከጀመረ በኋላ ነው። ሸራው አልቋል፣ ማርሽ ሲቀየር ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ አትሄድም። ያን ጊዜ ዘይት ቢቀየር ያለቀ ሸራ አይመለስም። ካምቢዮው ከሳምንት በኋላ ይቆማል፤ ጥፋቱም በዘይቱ ይመካኛል። ሁለተኛው ምክንያት በማሽን ግፊት እየተገፋ ሙሉ በሙሉ የሚታጠበው ነው። ለዓመታት ሥር የተኛ ቆሻሻ ተነቅሎ ዘይቱን ወደየማርሹ ወደሚያከፋፍለው ቫልቭ ቦዲ ቀጫጭን መንገዶች ሊገባ ይችላል። በዚህ ዕድሜ ላለ፣ ታሪኩ ለማይታወቅ ካምቢዮ እኔ በማሽን አላስጥብም።

ሦስተኛው ምክንያት የተሳሳተ ዘይት ነው። በእኔ ላይ የደረሰው ይህ ነበር። መኪናዋን በገዛሁ በሁለተኛው ወር፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ወሰድኳትና «የካምቢዮ ዘይት ቀይሩልኝ» ብዬ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ። ስመለስ አልቋል ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ፣ ዳገቱ ላይ መሪው እስኪነዝረኝ ድረስ መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። ማርሽ ሲቀይርም ይመታ ጀመር። ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው ብለው በርሜል ውስጥ ያገኙትን ነበር የሞሉት፤ ያውም ከልክ በላይ። ዘይት ሲበዛ በሚሽከረከሩት ማርሾች እየተመታ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይሸከምም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱ ማለስለሻ ብቻ አይደለም። ከሞተሩ ጉልበት ተቀብሎ የሚያስተላልፈው እሱ ነው፤ ሸራዎቹን ገፍቶ የሚያስይዘው እሱ ነው፤ ሙቀቱን ይዞ የሚወጣውም እሱ ነው። ስለዚህ ዓይነቱ ሲለወጥ የሸራው አያያዝ አብሮ ይለወጣል።

ዓይነቱን ከመካኒኩ አትጠይቂ፤ ከመኪናሽ አንብቢ። መለኪያ ዘንጉ ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። በዚያ ዘመን ቶዮታዎች ላይ በብዛት የሚጻፈው ቲ-ፎር ነው። ከዚያ የቀደሙት ዴክስሮን ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ደብሊው ኤስ። ደብሊው ኤስ አዲስ ስለሆነ ይሻላል ብሎ የሚሸጥልሽ ካለ አትስሚው፤ ከቲ-ፎር ይልቅ ቀጠን ያለ ነው፣ የተሠራውም ለሌላ ካምቢዮ ነው። ይህን የሚያነብ ቪትዝ ያለው ሰው ካለ ደግሞ ይጠንቀቅ፦ ከ2005 ወዲህ ለጃፓን ገበያ የወጡት ቪትዞች አብዛኞቹ ሲቪቲ (በማርሽ ፋንታ በቀበቶ የሚሠራ ካምቢዮ) ናቸው፤ የራሳቸው ዘይት አላቸው። ተራ የካምቢዮ ዘይት ከገባባቸው ቀበቶውን ይጨርሰዋል።

ዕቃውን ከሶማሌ ተራ መግዛት ትችያለሽ፤ የሻንሲ ቁጥርሽን ይዘሽ ሂጂ። ፊልትሮ፣ የፊልትሮው ቀለበት ላስቲክ፣ የኮፓው ጓርኒሲዮን፣ የማፍሰሻው ቡሎን ቀለበት፣ ዘይት ደግሞ ለመጀመሪያው ዙር 4 ሊትር ይበቃል። ጓርኒሲዮኑ ከቡሽ ከሆነ ሳይሰነጠቅ አይቆይም፤ የላስቲኩን ፈልጊ። የዘይቱ ማሸጊያ ክዳኑ ላይ ያልተነካ መሆኑንም እዪ።

ሥራውን ራስሽ ብትሠሪውም ብታሠሪውም ቅደም ተከተሉን ማወቁ ይጠቅምሻል። መኪናዋ በክሪክ ብቻ ተነሥታ ማንም ሥር አይግባ። ጉድጓድ ያለው ቦታ ይሻላል፤ ከሌለ ጠንካራ መቆሚያ ይደረግ፣ የኋላ ጎማዎች ይታገዱ። ዘይቱ ለብ ያለ ይሁን፤ ከረጅም ጉዞ መልስ ወዲያው ከተከፈተ እጅ ያቃጥላል። የካምቢዮው ማፍሰሻ ከሞተሩ ማፍሰሻ ብዙም አይርቅም። የሞተር ዘይት አፍስሶ ካምቢዮ ላይ አዲስ የጨመረ ሰው አይቻለሁ፤ ካምቢዮው ከልክ በላይ ሞልቶ፣ ሞተሩ ያለ ዘይት ሊነሣ ነበር። የሚፈሰው ቀላ ያለ ካልሆነ አቁሙ በይ።

የፈሰሰውን አትድፉት። በሃይላንድ ጠርሙስ እየቀዳችሁ ለኩት። የወጣው 3 ሊትር ከሆነ የሚገባውም 3 ሊትር ነው፤ መነሻችሁ ይህ ነው። ከለካችሁ በኋላም ቱቦ ውስጥ አይደፋ፤ ጋራዦች የተቃጠለ ዘይት የሚያጠራቅሙበት በርሜል አላቸው።

ኮፓው ሲወርድ ውስጡ ሌላ ግማሽ ሊትር ያህል አለ፤ በአንድ በኩል ቀድሞ ዘንበል ይበል። ከዚያ የኮፓው ወለል ላይ ያሉትን ትንንሽ ማግኔቶች እዪ። እኔ ከጠቅላላ ሥራው የምወደው ይህን ክፍል ነው፤ ካምቢዮው ሃያ ዓመት የሆነውን ሁሉ እዚያ ላይ ጽፎታል። ማግኔቱ ላይ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ነገር ካለ የዕድሜ ነው፣ ጤና ነው። በጣት መካከል የሚሻክር የብረት ስንጥር ካለ ማርሽ ወይም ኩሽኔታ እየተበላ ነው። ማግኔት የማይስበው ወርቅማ ብናኝ ከተገኘ ቡሽንጉ ነው። የጠቆረ የሸራ ፍርፋሪ ከበዛ ደግሞ ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ያን ጊዜ ለዘይት ከማውጣትሽ በፊት ስለ ጥገና ማሰብ ይሻላል። ማግኔቶቹ ተጠርገው በየቦታቸው ይመለሱ።

ፊልትሮው ላይ ብዙ የምለው የለኝም። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ተደርገው ይተያዩ፤ ቁመቱ፣ አፉ፣ የቡሎን ቀዳዳው አንድ መሆን አለበት። የድሮው ቀለበት ላስቲክ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር ይታይ። ሁለት ላስቲክ ከተደራረበ አየር ይስባል፤ ካምቢዮውም ይስታል። ቡሎኖቹ ቁመታቸው ሊለያይ ስለሚችል ካርቶን ላይ በቅርጻቸው ተሰክተው ይቀመጡ።

ኮፓውን መልሶ ማሰር ላይ ግን ብዙ ሰው ያበላሻል። ቡሎኖቹ ትንንሾች ናቸው፣ የሚፈልጉት እንደ ካምቢዮው ዓይነት ከ5 እስከ 8 ኒውተን ሜትር ነው። ይህ በረጅም ቁልፍ ሙሉ ክንድ የሚሳብ አይደለም፤ ቁልፉን ጭንቅላቱ አጠገብ ይዞ በእጅ አንጓ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሁሉም በጣት ይግቡ፣ ከዚያ ከመሃል ጀምሮ በተቃራኒ አቅጣጫ እያፈራረቁ ሁለት ሦስት ዙር። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ እንዳያፈስ ብዬ አጠበቅሁት፤ ጓርኒሲዮኑ ተጨፍልቆ ወጣ፣ አንዱ ቡሎን የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞ መጣ። ሁለት ወር ሙሉ መኪናዋ በቆመችበት ሁሉ ቀይ ጠብታ ትታለች። ማስቲሽም አይቀባ፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ተቆርጦ ገብቶ አዲሱን ፊልትሮ ይደፍነዋል።

ዘይቱ የሚገባው በመለኪያ ዘንጉ ቀዳዳ ነው። ከለካችሁት ላይ ግማሽ ሊትር አስቀርታችሁ ሙሉ፣ ሞተሩን አስነሡ፣ ማርሾቹን አዳርሱ፣ ከዚያ በትንሽ በትንሹ እያያችሁ ጨምሩ። ማውጣት ከመጨመር ይከብዳል።

አንድ ጊዜ ማፍሰስ ሁሉንም ዘይት አያወጣም። ከፊሉ ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) እና ማቀዝቀዣው ውስጥ ይቀራል። በጠቅላላው 7 ሊትር ቢይዝና 3 ብታወጪ፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ከግማሽ በላይ አሮጌው ነው። ሁለት ጊዜ ስትደግሚው አሮጌው ወደ ሲሶ ይወርዳል፣ ሦስት ጊዜ ከሆነ ከአምስት አንድ እጅ ገደማ። የእኔን ያተረፈው ይህ ነው። ቲ-ፎር ገዝቼ በየሁለት ሳምንቱ ሦስት ጊዜ አፈሰስኩና ሞላሁ፤ ኮፓውን የከፈትኩት በመጀመሪያው ብቻ ነው። መንቀጥቀጡ በሁለተኛው ዙር ቀነሰ፣ በሦስተኛው ጠፋ። ለአሮጌ ካምቢዮም ይህ አካሄድ ይስማማዋል፤ አዲሱን ዘይት በአንዴ ሳይሆን እየለመደ ይቀበለዋል። ከዚያ ወዲህ በየ40 ሺህ ኪሎ ሜትሩ አንድ ጊዜ አፈሳለሁ። አዲስ አበባ ዳገትና መጨናነቅ ነው፤ ዘይቱ ሁልጊዜ እንደጋለ ነው የሚውለው።

ያልጠቀመበትንም ልንገርሽ፣ ተስፋ ብቻ እንዳልሰጥሽ። ጎረቤቴ ጋሼ ተመሳሳይ መኪና ነበራቸው፤ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲቀይር ሞተሩ ይጮህባቸው ነበር። የእኔን አይተው «ለእኔም ሥራልኝ» አሉኝ። ዘይቱን በጨርቅ ሳየው ጥቁር ነበር፣ ያረረ ይሸታል። አይጠቅምም ብያቸው ነበር፤ አጥብቀው ስለለመኑኝ ቀየርኩላቸው። ወር ሳይሞላ ቆመች፤ ካምቢዮው ወርዶ ታደሰ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ያን የዘይት ገንዘብ ለእድሳቱ ባስቀመጡት ነበር።

ያንቺ እንደገለጽሽው ጠዋት ብቻ ነው የሚዘገየው፣ ከሞቀች በኋላ በደንብ ትቀይራለች፣ ሞተሩም ባዶውን አይጮህም። ይህ ደህና ምልክት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከፍተሽ ሳይሆን በመለኪያው ብቻ ጀምሪ፤ ነጩን ጨርቅ በፀሐይ ብርሃን ፎቶ አንሺውና እዚሁ ለጥፊው። መለኪያው ላይ የተጻፈውንም አብረሽ ጻፊልን። ጎድሎ ከሆነ ከየት እንደሚፈስ አብረን እንፈልጋለን፤ ቡናማ ከሆነ ፊልትሮውን ስትገዢ የትኛው እንደሚሆን አሳይሻለሁ።