ከኮኮናት የተሠራ ሻምፑ ለምን አሳከከኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ! «ከኮኮናት የተሠራ፣ ለስላሳ» የሚል ሻምፑ ገዝቼ ሁለት ሳምንት ስጠቀም የዐይኔ ቆብ ቀላ፣ አንገቴንም ያሳክከኝ ጀመር። የተፈጥሮ ነገር እንዴት እንዲህ ያደርጋል?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። መነሻው ኮኮናት መሆኑ እውነት ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን ዘይቱ ራሱ አይደለም። የዘይቱ ግማሽ ገደማ ላውሪክ አሲድ ነው፣ 12 ካርበን ያለው ሰንሰለት። ፋብሪካው ለዚህ ሰንሰለት ውሃ የሚወድ ራስ ይገጥምለታል፤ ጭራው ቅባቱን ይይዛል፣ ራሱ ውሃውን፣ ስትታጠቢ ቆሻሻው አብሮ ይሄዳል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽም የሚሠራው እንደዚሁ ነው።

እኔ የምጠረጥረው ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይንን ነው፤ እንዲህ ከኮኮናት ዘይት የሚሠራ አረፋ ሰጪ ማጽጃ ነው። ለአብዛኛው ሰው ለስላሳ ነው፣ ግን ሲመረት አሚዶአሚን የሚባል ቅሪት ሊተርፍበት ይችላል፣ አለርጂ የሚያስነሳውም በአብዛኛው እሱ ነው። አረፋው የሚወርድበት ዐይን ቆብና አንገት ደግሞ ከራስ ቆዳ ቀድሞ ይቆጣል። በ2004 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የቆዳ ንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይንን የዓመቱ አለርጂ ቀስቃሽ ብሎ መርጦታል።

ሻምፑውን አሁኑኑ አቁሚ። የኮካሚዶፕሮፒል ቤታይንን ስም የፊትና የገላ መታጠቢያሽ ላይም ፈልጊ፣ ብዙ ቦታ አለ። ካልተሻለሽ የቆዳ ሐኪም ጋ ሄደሽ ጀርባ ላይ የሚለጠፈውን የአለርጂ ምርመራ ተመርመሪ።