ትንሽ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ለማን ይስማማል? ጥያቄና መልስ

የኮሌጅ ማመልከቻ በሚሞላበት በዚህ ወቅት በአሜሪካ ከሚኖሩ ወላጆችና ከኢትዮጵያ ከሚያመለክቱ ተማሪዎች ስለ ትንንሾቹ የሊበራል አርትስ ኮሌጆች (ለአንድ ሙያ ብቻ ከማሠልጠን ይልቅ ሳይንስን፣ ማኅበራዊ ሳይንስን፣ ሥነ ጽሑፍንና ጥበባትን አስፍተው ስለሚያስተምሩ ኮሌጆች) ብዙ ጥያቄ ቀርቦልኛል። ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምሬ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሚኒሶታ በሚገኘው ካርልተን ኮሌጅ መማር እፈልጋለሁ ትለኛለች። እኔ ስሙን ሰምቼ አላውቅም። እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ እያለ ኮሌጅ ምን ያደርግላታል? (አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ በአገራችን ኮሌጅ ከዩኒቨርሲቲ ዝቅ ያለ ተቋም ተደርጎ ስለሚታይ ስጋትዎ ይገባኛል። በአሜሪካ ግን እንደዚያ አይደለም። ዊሊያምስ በ1793፣ አምኸርስት በ1821፣ ካርልተን በ1866 የተመሠረቱ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሺህ ገደማ ተማሪዎች ያሏቸውና የአራት ዓመት የባችለር ዲግሪ የሚሰጡ የተከበሩ ተቋማት ናቸው። ትኩረታቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ላይ ስለሆነ፣ በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የዶክትሬት ተማሪዎች ጭምር የሚያስተምሩትን የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት እዚህ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰሮቹ ራሳቸው ናቸው። የቀድሞው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን በ1961 የተመረቁት ከዚያው ከሚኒሶታ፣ ከማካሌስተር ኮሌጅ ነው። ካርልተን፣ ስዋርትሞርና ሪድ ደግሞ ከተመራቂዎቻቸው ብዛት አንጻር ሲታይ፣ ቆይተው ዶክትሬት በሚይዙ ተማሪዎች ድርሻ ከአገሪቱ ቀዳሚዎች ተርታ የሚሰለፉ ናቸው። በእድርና በሰርግ ላይ ስሙን የሚያውቅ ሰው ላያገኙ ይችላሉ፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ግን በሚገባ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ጥሩ ኮሌጅ መሆኑንስ ተቀበልኩ። ለልጄ መስማማቱን በምን አውቃለሁ? (እናት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። በእኔ እምነት ትንሽ ኮሌጅ የሚጠቅመው ከመምህሩ ጋር ለመነጋገር ፈቃደኛ የሆነን ተማሪ ነው። የኮሌጁ ዋጋ በአብዛኛው የሚገኘው አሥራ አምስት ወይም ሃያ ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ በሚደረገው ክርክር፣ ፕሮፌሰሩ በር ከፍቶ ተማሪ በሚጠብቅበት የቢሮ ሰዓት፣ በበጋው ዕረፍት (ከጁን እስከ ኦገስት) አብሮ በሚሠራ ምርምርና ከዚህ ሁሉ በኋላ በሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ነው። በአምስት መቶ ሰው አዳራሽ ውስጥ ዝም ብሎ ጥሩ ውጤት ማምጣት ይቻላል። እዚህ ግን ዝም ያለ ተማሪ ከፍተኛ ክፍያ ከፍሎ የከፈለበትን ነገር ሳያገኝ ይመረቃል።

ብዙዎቹ ልጆቻችን በትልቅ ሰው ፊት ቀድመው እንዳይናገሩ፣ ያስተማራቸውን ሰው እንዳይሞግቱ ተደርገው ነው ያደጉት። ይህ መልካም አስተዳደግ ነው፤ ለትንሽ ኮሌጅ የማይበቁም አያደርጋቸውም። ነገር ግን መምህሩ «እኔ እንደዚህ አስባለሁ፤ አንቺስ?» ሲላት መመለስ ንቀት እንዳልሆነ ልጅዎ መቀበል ይኖርባታል። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ሄዳ የምታነጋግረው አንድ መምህር አላት? ማንም ሳያዝዛት የምታነበው ነገር አለ? ገና ምን እንደምትማር አልወሰነች እንደሆነስ፣ ያ አለመወሰን የሚያስጨንቃት ነው ወይስ ደስ የሚያሰኛት? መልሶቹ ወደ አዎንታ ካዘነበሉ ቦታው ይስማማታል ብዬ አስባለሁ። በአንጻሩ ነርስ፣ ፋርማሲስት ወይም የሒሳብ አያያዝ ባለሙያ (አካውንታንት) መሆን እንደምትፈልግ ከወዲሁ ካወቀች፣ አብዛኞቹ የሊበራል አርትስ ኮሌጆች እነዚህን የትምህርት ክፍሎች ስለሌሏቸው የክልሉን (የስቴቱን) ዩኒቨርሲቲ ብትመርጥ ይሻላል።

ሌላም አለ። የኮሌጁን የኮርስ ዝርዝር ከፍታችሁ ልጅዎ የምትወደውን የትምህርት ክፍል ፈልጉ፤ የመምህራኑን ቁጥር ቁጠሩ፤ ከዚያም ከፍ ካሉት ኮርሶች መካከል ባለፉት ሁለት ዓመታት በእርግጥ የተሰጡት የትኞቹ እንደሆኑ ተመልከቱ። አራት መምህራን ባሉት ክፍል አንዱ ለምርምር ዕረፍት ሲወጣ ከትምህርቱ ሩቡ አብሮት ይሄዳል፤ በዝርዝሩ ላይ ያለ ኮርስም በሁለት ዓመት አንዴ ብቻ ሊሰጥ ይችላል። ብሮሹሩ ይህን አይነግራችሁም። ጉድለቱን በከፊል የሚያቃልለው ጎረቤት ካሉ ኮሌጆች ጋር ያለ ስምምነት ነው፦ ፖሞና ከሌሎቹ የክሌርሞንት ኮሌጆች ጋር፣ አምኸርስትና ስሚዝ ደግሞ ከማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የአምኸርስት ካምፓስና ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ተማሪዎቻቸው እየተዘዋወሩ ኮርስ እንዲወስዱ ያደርጋሉ።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ ኢንጂነሪንግ መማር እፈልጋለሁ። እንዲህ ዓይነት ኮሌጅ ይጠቅመኛል? (ተማሪ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ እንደ ኮሌጁ ይለያያል። ስዋርትሞር፣ ስሚዝ፣ ላፋዬትና ሃርቪ ማድ ራሳቸው የኢንጂነሪንግ ዲግሪ ይሰጣሉ፤ ስሚዝ ግን የሴቶች ኮሌጅ ነው። ሌሎች ብዙዎች «ሦስት ሲደመር ሁለት» የሚባል መንገድ አላቸው፤ ሦስት ዓመት በኮሌጁ፣ ሁለት ዓመት ደግሞ እንደ ኮሎምቢያ ወይም በሴንት ሉዊስ እንዳለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ባለ ትልቅ ተቋም ተምረህ ሁለት ዲግሪ ትይዛለህ። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ሆኖም በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ኮሌጁ የሚሰጥህ የገንዘብ ድጋፍ አብሮህ ላይሄድ ይችላልና፣ ለሁለተኛው ተቋም ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ሳታረጋግጥ በዚህ መንገድ ላይ አትመካ። ሲቪል ኢንጂነር መሆን እንደምትፈልግ ቁርጥ ካደረግህ፣ ከመጀመሪያው የኢንጂነሪንግ ፋኩልቲ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ አመልክት።

ጥያቄ፦ ሐኪም መሆን ለምትፈልግስ? (እናት፣ አትላንታ)

መልስ፦ ያስኬዳል። የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁት ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና የመሳሰሉትን ኮርሶች፣ ኤምካት የሚባለውን የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናና መምህራን በቅርብ አውቀው የጻፉት ደብዳቤ እንጂ የተለየ ዲግሪ አይደለም። ኮሌጁ «ካመለከቱት ይህን ያህሉ ተቀባይነት አግኝተዋል» ሲልዎ ግን፣ ቁጥሩ የሁሉንም አመልካቾች ነው ወይስ ኮሌጁ ራሱ መርጦ የደገፋቸውን ብቻ ብለው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ዋጋው በዓመት ከ80,000 ዶላር በላይ ነው። እኔ ታክሲ ነው የምነዳው። ይህን ማሰቡስ ምን ይጠቅማል? (አባት፣ ዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ የተጻፈውን ዋጋ አይተው ተስፋ አይቁረጡ። ሀብታም የሆኑት ኮሌጆች ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ከክልሉ ዩኒቨርሲቲ ያነሰ የሚያስከፍሉበት ጊዜ አለ፤ ሀብት የሌላቸው ትንንሽ ኮሌጆች ደግሞ ትልቅ የሚመስል ስኮላርሺፕ ሰጥተውም ሊከፈል የማይችል ቀሪ ሊያስከትሉ ይችላሉ። ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ አንድ ቤተሰብ በእርግጥ የሚከፍለውን የሚገምት ማስያ በድረ ገጹ ላይ እንዲያስቀምጥ በሕግ ተገድዷል፤ ከልጅዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሙሉት። እንደ እርስዎ ለራሱ የሚሠራ ሰው ገቢ ለማስላት ስለሚያስቸግር ግምቱ ሊሳሳት ይችላል፤ ስለዚህ የታክስ ወረቀትዎን ይዘው የገንዘብ ድጋፍ ቢሮውን በቀጥታ ያነጋግሩ። የድጋፍ ደብዳቤው ሲመጣም ግራንቱን (የማይመለሰውን ድጋፍ) ብቻ ከጠቅላላ ወጪው ላይ ይቀንሱ። ብድርና የካምፓስ ሥራ «ድጋፍ» ተብለው ቢደረደሩም፣ አንዱ ዕዳ ነው፣ ሌላው ልጁ ወደፊት ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ ነው። በኬንታኪ ያለውን ቤሪያ ኮሌጅም ይመልከቱ፤ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፣ ሁሉም ተማሪ ደግሞ በካምፓሱ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ከኢትዮጵያ ሆኜ ሙሉ ስኮላርሺፕ ማግኘት እችላለሁ? ገንዘብ እንደሌለኝ ብናገር አይጎዳኝም? (ተማሪ፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ውድድሩ ግን እጅግ ከባድ ነው። ከትንንሾቹ ኮሌጆች አምኸርስትና ቦውዶይን የውጭ አገር አመልካችንም ቢሆን የመክፈል አቅሙን ሳያዩ ይመርጣሉ፤ ከመረጡም ሙሉ ፍላጎቱን ያሟላሉ። ሌሎች ብዙዎች የተቀበሉትን ተማሪ ፍላጎት ቢያሟሉም፣ ሲመርጡ ግን አቅምህን ያያሉ። እንዲያም ሆኖ እውነቱን ደብቀህ አታመልክት፤ ቪዛ ለማግኘት የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ከየት እንደሚሸፈን ማሳየት ስላለብህ የተደበቀው እዚያ ላይ ይገለጣል። ፋፍሳ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የተማሪ ድጋፍ መጠየቂያ ቅጽ የውጭ አገር ተማሪን አይመለከትም፤ አንተ የምትሞላው ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉትን የገንዘብ ድጋፍ ቅጽ ወይም ኮሌጁ ራሱ ያዘጋጀውን ቅጽ ነው። የማመልከቻ ክፍያ ካቃተህ ኮሌጁን በኢሜይል ጠይቅ፤ ብዙዎቹ ይተዉልሃል። «ስኮላርሺፕ አስገኝልሃለሁ» ለሚልህ ደላላ አንድ ብር እንኳ አትክፈል። ከአሜሪካ ውጭም በጋና ያለውን አሸሲ ዩኒቨርሲቲን ተመልከት፤ የስዋርትሞር ምሩቅ የሆኑት ፓትሪክ አዋ በ2002 ያስጀመሩት፣ በዚሁ የትምህርት መንፈስ የሚያስተምርና ኢንጂነሪንግም ያለው ተቋም ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ በገጠር ከተማ ብቻዋን እንዳትሆን እፈራለሁ። ቤተ ክርስቲያንም፣ የአገሯ ሰውም የለም። (እናት፣ ዳላስ)

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ በዚህ ምክንያት ኮሌጅ የሚቀይሩ ተማሪዎች አሉ። ግሪኔል በአይዋ እርሻዎች መካከል ያለ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ማካሌስተር ግን ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሴንት ፖል ከተማ ነው፤ ከስዋርትሞርም ወደ ፊላደልፊያ ባቡር አለ። ብትጎበኙ ሁሉ ነገር በሚያብብበት በኤፕሪል ሳይሆን በፌብሩዋሪ ይሁን፤ ቅዳሜ ማታ ተማሪው ምን እንደሚያደርግ፣ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ባለው ዕረፍት መኝታ ቤቱ ይዘጋ እንደሆነ ጠይቁ። የጾም ነገር ብዙ አያሳስብዎ፤ የኮሌጆቹ መመገቢያ አዳራሾች ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነ ምግብ በየቀኑ ስለሚያቀርቡ ዐቢይ ጾምን መጾም አይከብዳትም።

ጥያቄ፦ ትንንሽ ኮሌጆች እየተዘጉ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ግሪን ማውንቴን ኮሌጅ በ2019፣ ዌልስ ኮሌጅ በ2024 ተዘግተዋል። የተማሪዎቹ ቁጥር ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ያለን፣ የትምህርት ክፍሎችን የሚያጥፍን ወይም ከእውቅና ሰጪው አካል ማስጠንቀቂያ የደረሰውን ኮሌጅ ሽሹ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሁለት ቦታ አልፏል። የክልሉ ዩኒቨርሲቲ ርካሽ ነው፤ ትንሹ ኮሌጅ ግን በየዓመቱ ብድር ይጠይቃል። እሱ የሚወደው ትንሹን ነው። ምን ይመክሩኛል? (እናት፣ ሲያትል)

መልስ፦ አንድ ተማሪ በራሱ ስም ከፌዴራል መንግሥት በመጀመሪያው ዓመት እስከ 5,500፣ በአራቱ ዓመታት በድምሩ እስከ 27,000 ዶላር መበደር ይችላል። ብድሩ በዚህ ውስጥ የሚያልቅ ከሆነና ልጁ ከላይ እንደገለጽኩት ከመምህራኑ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ፣ ትንሹን ኮሌጅ ቢመርጥ አልቃወምም። በእርስዎ ስም ተጨማሪ ብድር የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ወደ ዩኒቨርሲቲው ይሂድ፤ እዚያም የተሻለ ተማሪን በትንሽ ክፍል የሚያስተምር የክብር ፕሮግራም መኖሩን ይጠይቅ። ከመወሰንዎ በፊት ለትንሹ ኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ የይግባኝ ደብዳቤ ይጻፉ፤ የገቢ መቀነስ፣ የሕክምና ወጪ ወይም ለአገር ቤት ቤተሰብ የሚልኩት ቋሚ ገንዘብ ካለ በማስረጃ ያያይዙ። የመግቢያው ቀብድ የሚከፈልበት ቀን በአብዛኛው ሜይ 1 ስለሆነ፣ መልሱ በጊዜ እንዲደርስዎ ደብዳቤውን በኤፕሪል የመጀመሪያ ሳምንት ይላኩ።