መልስ፦ የተሳካውን ክፍል እንዳላበላሽ ሥዕሉን ልተወው?

በዘይት ቀለም የጀመሩት ሥዕል ግማሹ እንደተሳካልዎ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ያማረው እንዳይበላሽ በመፍራት መቀጠል እንደተሳነዎ ጽፈዋል። እኔ እንደማምነው ያንን የተሳካ ክፍል ደፍረው ሊነኩት ይገባል፤ አንድ ጥግ እንዳይነካ ከተጠበቀ የቀረው ሸራ ሁሉ ለእርሱ ሲባል እየተስተካከለ ሕይወት ያጣልና። ጀርመናዊው ሠዓሊ ገርሃርድ ሪክተር ብዙዎቹን የአብስትራክት (የታወቀ ነገር ቅርጽ የማያሳዩ) ሥዕሎቹን የሠራው፣ እርጥብ ቀለም የተቀባውን ሸራ በረጅም መጥረጊያ መሰል መሣሪያ እየሳበ፣ ከሥር ያለው ቀለም የት ላይ ብቅ እንደሚል አስቀድሞ ሳያውቅ ነው። ሆኖም ሥራውን ለዕድል አልተወውም፤ በየመሐሉ ቆሞ ይመለከት፣ ያላሳመነውንም መልሶ ይሸፍነው ነበር። የዘይት ቀለም ደግሞ ለዚህ ድፍረት የተመቸ ነው፤ እርጥብ እስከሆነ ድረስ በቢላዋ ይፋቃል፣ ተርፔንታይን (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ) በነካው ጨርቅም ይጠረጋል። (የውኃ ቀለም ቢሆን ኖሮ ምክሬ ይለይ ነበር፤ እዚያ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ስለሆነ አንዴ የተሸፈነ ብርሃን በቀላሉ አይመለስም።) ስለዚህ ሸራውን በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡና፣ ከለመዱት የሰፋ ብሩሽ ይዘው በጣም ከሚሳሱለት ቦታ ይጀምሩ።