«የማይነቃነቅ ንብረት» ይባላል?

ከለገጣፎ የጻፉልኝ አንባቢ አንድ ደላላ በቆርቆሮ አጥር ላይ «የማይነቃነቅ ንብረት ይሸጣል» ብሎ መለጠፉን አይተው፣ «“የማይንቀሳቀስ” ማለት አልነበረበትም? ወይስ ሁለቱ አንድ ናቸው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

አንድ አይደሉም። የምታምታታው «ን» ናት። በ«ነቀነቀ» ውስጥ የሥሩ ፊደል ናት፤ በ«ተንቀሳቀሰ» ውስጥ ግን፣ እንደ «ተንከባለለ» ሁሉ፣ ባዕድ መነሻ ያመጣት እንግዳ ናት። ሥሩ «ቀሰቀሰ» ነውና ቅስቀሳና እንቅስቃሴ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ጆሮም ይለያቸዋል፤ «ይነቃነቃል» ስንል «ተ» ስለተዋጠ የመጀመሪያው «ነ» ይጠብቃል፣ «ይንቀሳቀሳል» ላይ ግን «ን» ላልታ ታልፋለች። ነቀለ፣ ነቀዘ፣ ነቃ (ማሰሮ ሲነቃ ማለቴ ነው) ደግሞ ደኅና የነበረውን የሚያውኩ ግሦች ናቸው፤ የ«ነቀነቀ» ዘመዶች ናቸው ብዬ ባልምልም ጥርጣሬዬን አልተውም።

የተንቀሳቀሰ ስፍራ ይለቃል፤ የተነቃነቀ እዚያው ሆኖ ይላላል። ጥርስ ይነቃነቃል፣ ችካል ይነቃነቃል። እኔ በምኖርበት በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የደረጃው መደገፊያ ቁልፍ ከተረከብንበት ቀን ጀምሮ ይነቃነቃል። ይሁንና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1130 መሬትንና ሕንጻን የማይንቀሳቀሱ ብሏልና ሕንጻችን ከነመደገፊያው የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ሲሰማ እንኳ ይህ ስሙ አልተነካም። ደላላው ግን ሕጉ ያልገባውን ቃል ገብቷል!

«“ተንቀሳቀሰ” ነፍስ ላለው ብቻ ነው፤ ጠረጴዛ በራሱ አይሄድም» የሚሉ አሉ። ሕጉ በአንቀጽ 1127 በራሱ የሚንቀሳቀሰውንና ሰው የሚያንቀሳቅሰውን አንድ ላይ አስሯል፤ በሬውና ጠረጴዛው አንድ በረት ገቡ። እነዚሁ ሰዎች በምትኩ «ቋሚ ንብረት» እንድንል ይመክራሉ። ሒሳብ ሠራተኛ ይጠይቁ፤ ቋሚ ንብረት ከሚለው መዝገብ ውስጥ መኪና ያገኛሉ።

ለእኔ «የማይነቃነቅ» የልብ ቃል ነው። መጽሐፍ ቅዱስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥58 «የምትደላደሉ የማትነቃነቁም» ይላል፤ ይህን ቃል ከአጥር ላይ ማየት ያመኛል። ግን አንድ ነገር ያሸንፈኛል። «ከቤት ንቅንቅ አልልም» የሚል ሰው ስፍራ አልለቅም ማለቱ እንጂ አልላላም ማለቱ አይደለም። ሕዝቡ ድንበሬን ቀድሞ አፍርሶታል፤ ደላላውም በዚያው ሽንቁር ነው የገባው። እንግዲህ በንግግር ይበለው። ውል ላይ ግን «የማይንቀሳቀስ» ብሎ ይጻፍ።

ቤቱን ለማየት ከሄዱ መጀመሪያ የደረጃውን መደገፊያ ነቅነቅ ያድርጉት።