መልስ፦ ልጆች ላሉበት ቤት የትኛው እባብ ይሻላል?

ሰላም እህቴ፣ ለ11 ዓመት ልጅሽ ቦል ፓይተን ይሻላል ወይስ ኮርን ስኔክ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ሳላመነታ ኮርን ስኔክ እላለሁ። መርዝ የለውም፣ ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳል፣ ቀጭን ስለሆነም ልጅ ለመያዝ አይከብደውም። ቦል ፓይተንም ገራም ነው፤ ግን አንዳንዴ ለሳምንታት፣ ለወራትም ምግብ እምቢ ይላል፤ ለጀማሪ ይህ ትልቅ ጭንቀት ነው።

የበለጠ ያሳሰበችኝ ግን የ3 ዓመቷ ልጅሽ ናት። ጤነኛ የሚመስል እባብም ሳልሞኔላ የተባለ፣ ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ተሳቢ እንስሳትን አይመክርም። ስለዚህ እሷ ከፍ እስክትል ብትታገሱ በጣም ደስ ይለኛል። ኮርን ስኔክ 15 እና 20 ዓመት ሊኖር ስለሚችል ልጁ ኮሌጅ ሲገባ ተንከባካቢዎቹ እናንተ ወላጆች መሆናችሁንም አስቡበት።

ስትገዙ ከዱር የተያዘ ሳይሆን በሰው እጅ የተፈለፈለ ይሁን፤ በደንብ እንደሚበላም ሻጩን በፊታችሁ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። የመስታወት ቤቱ ክዳን የሚቆለፍ ይሁን፤ ትንሽ ክፍተት ካገኘ ሾልኮ ይወጣል። ማሞቂያው ያለ ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) እንዳይሰካ፣ እባቡን ሊያቃጥለው ይችላል። ሞቃቱ ጎን 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ሌላው ጎን ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። የሚበላው በረዶ የሆነ አይጥ ነው፤ የምታቀልጡበት ዕቃ ለብቻው ሆኖ ከወጥ ቤት ይራቅ። እባቡን የነካ ሁሉ ወዲያው እጁን በሳሙና ይታጠብ።