አሸንፈን ሳለ ጣሊያን ለምን ተመልሶ መጣ?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ተማሪ ነኝ፣ ከጓደኞቼ ጋር ፒያሳ አድዋ ሙዚየም አካባቢ ስንገናኝ ሁሌ ክርክር ነው። አንዱ ጓደኛዬ የዓለምን ታሪክ የሚወስነው ጦርነት ያሸነፈ ነው፣ አለቀ ይላል። ለኔ ግን አልዋጥ አለኝ። እንደዛ ከሆነማ በ1888 አሸንፈነው ጣሊያን በ40 አመቱ ለምን ተመልሶ መጣ? ጀርመንስ ተሸንፋ በ20 አመት ውስጥ እንዴት ዓለምን ዳግም አመሰች? አዲስ አበባ የአፍሪካ መዲና የሆነችው በአድዋ ነው የሚባለውስ?
አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ የያዘው ግማሹን ነው። ጦር ሜዳ ላይ ማን አሸነፈ የሚለው ትልቅ ነገር ነው፣ ድሉ ስንት አመት ይቆያል የሚለውን የሚወስነው ግን ከዛ በኋላ የሚፈረመው ውልና ውሉን ማን ያስከብረዋል የሚለው ነው።

አድዋን ተመልከት። የካቲት 23 ውጊያው በአንድ ቀን አለቀ፣ ሮም ላይ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የክሪስፒ መንግስት ወደቀ፣ ጥቅምት 1889 ላይ ደሞ እዚሁ አዲስ አበባ ውል ተፈርሞ ጣሊያን የውጫሌ ውል መሰረዙንና የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት ተቀበለ። በወራት ውስጥም የእንግሊዝና የፈረንሳይ መልክተኞች ስለ ድንበር ሊነጋገሩ ምኒልክ ግቢ መጡ። ኤርትራ ግን ጣሊያን እጅ ቀረች። በዚህ ምኒልክን የሚወቅስ ብዙ ነው፣ እኔ ለመፍረድ አልቸኩልም፣ ምክንያቱም አገሩ ከክፉ ቀን ረሃብ ገና መውጣቱ ነው፣ ሰራዊቱ ስንቅ አልቆበታል፣ የጣሊያኑ ጄኔራል ባልዲሴራ ደሞ አዲስ ጦር ይዞ ኤርትራ ገብቷል። ቢሆንም ያ የቀረ መሬት መዘዝ ነበረው፣ በ1928 የመጣው ዋናው ጦር የተነሳው ከዛው ነው፣ መረብን ተሻግሮ ገባ።

ጀርመን ጋ እንሂድ፣ ከዚህ በኋላ በፈረንጆች አቆጣጠር ልጻፍልህ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1919 ቬርሳይ ላይ ጀርመን ሳትደራደር ፈርሚ ተባለች፣ ጦሯ ከ100 ሺህ እንዳይበልጥ ተደረገ፣ በ1921 ደሞ ካሳው 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ነው ተባለ። ህዝቡ ግን አብዛኛው በአገሩ መሬት ላይ ሽንፈትን በአይኑ አላየም። ውሉን ያስከብራል የተባለው የመንግስታቱ ማህበር የተቋቋመው በአሜሪካው ፕሬዝዳንት በዊልሰን ሃሳብ ነበር፣ የራሱ አገር ሴኔት ግን አልገባም አለ። ስለዚህ ቂሙ ቀረ፣ ቂሙን የሚይዝ ኃይል ግን አልነበረም።

ሰው የሚረሳው ነገር ደሞ ጣሊያን በዛ ጦርነት ከአሸናፊዎቹ ጋ መቆሙን ነው። በ1915 ለንደን ላይ ቃል የተገባልኝን መሬት ከለከሉኝ ብሎ አኩርፎ ነበር፣ ሙሶሎኒ በ1922 ስልጣን ሲይዝ ያንን ኩርፊያና የአድዋን ቂም አንድ ላይ አድርጎ ተጠቀመበት። አየህ፣ ያሸነፈም ሰላሙ ካልጣመው ይመለሳል።

እኛ በ1923 የማህበሩ አባል ሆነን ነበር፣ ውሉን አምነን ማለት ነው። በ1935 ስንወረር ማህበሩ ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጣለ፣ ነዳጅ ግን አልተካተተም፣ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፣ ወታደሩም ጥይቱም በዛው ቦይ አልፎ ምጽዋ ወረደ! ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያናድደኛል፣ አንድ ቦይ ነበር እኮ። ጃንሆይ ሰኔ 1936 ጄኔቭ ቆመው ተናገሩ፣ ሰሚ አላገኙም፣ 3 አመት ቆይቶ እሳቱ አውሮፓ ላይ ተነሳ።

ከ1945 በኋላ ነገሩ የተለየው ለምዕራብ ጀርመን ነው። አገሪቱ ለሁለት ብትከፈልም ምዕራቡ ማርሻል ፕላን ከሚባለው የአሜሪካ እርዳታ ገንዘብ አገኘ፣ በ1951 ከፈረንሳይ ጋር የከሰልና የብረት ማህበር ውስጥ ገባ፣ የአሜሪካ ጦርም አብሮ እዛው ቆየ። እርዳታውም ጠባቂውም አንድ ላይ ስለነበሩ ሰላሙ ጸና ባይ ነኝ።

ለኛስ? በ1947 የፓሪስ ውል ጣሊያን ቅኝ ግዛቶቹን ለቀቀ፣ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንዲከፍል፣ የዘረፈውንም በ18 ወር ውስጥ እንዲመልስ ተፈረደበት። የአክሱም ሐውልት የመጣው ግን በ2005 ነው። ለጀርመን ኑረምበርግ፣ ለጃፓን ቶኪዮ ችሎት ሲቆም ጣሊያን ኢትዮጵያ ላይ ለሰራው አንድም ዓለም አቀፍ ችሎት አልቆመም። 6 ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት ላይ የምታያቸው ሰዎች የተጨፈጨፉት በግራዚያኒ ጊዜ ነው፣ እሱ ግን በ1950 አገሩ ፍርድ ቤት ቀርቦ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነበር፣ 19 አመት ተብሎ በወራት ውስጥ ወጣ። ስለ ጦርነት ውጤት ስትከራከሩ ይሄንንም አንሱት፣ ምክንያቱም የኛን ሰው ደም ማንም አልጠየቀበትም።

የመዲናዋ ነገር፣ አድዋ መሰረቱ ነው፣ ብቻውን ግን አይደለም። ኢትዮጵያ ነጻ አገር ሆና የተባበሩት መንግስታት መስራች አባል መሆኗ ረድቷል፣ በ1958 የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እዚህ ተቋቋመ፣ በ1961 አፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፣ ግንቦት 1963 ላይ የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ቡድን ተብለው የተከፈሉት የአፍሪካ አገሮች እዛው አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ፈረሙ። አዳራሹ ካዛንቺስ ወረድ ሲል፣ ከኢዮቤልዩ ቤተመንግስት ፊት ለፊት ነው፣ ጓደኛህን ይዘኸው ሂድና ክርክሩን እዛ ቀጥሉት።